አንዱ ሰርቨር ሲጠፋ ሁለተኛው ለምን ቀጥ ይላል?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከደብረ ማርቆስም ከቡሬም አንድ ዓይነት ስልክ ይደወልልናል። «መብራት ሄዶ፣ የአንዱ ሰርቨር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ) ደክሞ ሰርቨሩ ጠፋ። ሌላው በርቷል፤ ፋይሉ ግን አይከፈትም። ሁለት የገዛነው ለዚህ ቀን አልነበር?» ጥያቄው ተገቢ ነው።

ሁለቱም ሰርቨሮች የሚጽፉት አንድ ስቶሬጅ (የጋራ የዳታ ማከማቻ) ላይ ነው። እንደ ኤክስት4 ያለውን የተለመደ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) በሁለት ማሽን ባንዴ ከከፈታችሁት ዳታው ይበላሻል። ብዙ ማሽኖች ባንዴ እንዲጽፉበት የተሠራውን ፋይል ሲስተም፣ ጂኤፍኤስ2ን፣ የጫንንላችሁ ለዚህ ነው። እሱም ብቻውን አይሠራም። ማን በሕይወት እንዳለ የሚነግረው ኮሮሲንክ ነው። ዲኤልኤም ደግሞ የትኛውን ፋይል ማን እንደያዘ እየተቆጣጠረ ፈቃድ ይሰጣል። ፔስሜከር ሁሉንም ያስተባብራል።

አንዱ ሰርቨር ድምፁ ሲጠፋ የቀረው «ሞቷል» ብሎ መገመት አይችልም። ምናልባት የተቆረጠው የኔትወርክ ገመዱ ብቻ ነው፤ እሱ አሁንም እየጻፈ ይሆናል። ስለዚህ ክላስተሩ (አብረው የሚሠሩት ሰርቨሮች ስብስብ) መጀመሪያ በርቀት ያጠፋዋል። መጥፋቱ እስኪረጋገጥ ዲኤልኤም ፈቃድ መስጠት ያቆማል። ከተረጋገጠ የቀረው ሰርቨር የጠፋውን ሰርቨር ጆርናል (ለውጦቹን አስቀድሞ የሚመዘግብበትን መዝገብ) አንብቦ በጅምር የቀረውን ያስተካክልና ሥራ ይቀጥላል።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የማጥፊያውን ትእዛዝ የምትቀበለው እዚያው ሰርቨር ውስጥ ያለች ቺፕ ናት። መብራቱ ጭራሽ ሲቋረጥ እሷም አብራ ትጠፋለች። የቀረው ሰርቨር «ጥፋ» ይላል፤ መልስ የለም። ይደግማል፤ አሁንም የለም። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ይጠብቃል።

«ይህን የርቀት ማጥፊያ ዘግቼ ልገላግላችሁ» የሚል ባለሙያ ከመጣ እሺ አትበሉ። ዳታችሁን ቁማር ማስያዝ ነው። እኛ የምንጨምርላችሁ ኤስቢዲ የተባለውን ሌላ የማጥፊያ መንገድ ነው። ትእዛዙ ስቶሬጁ ላይ ይጻፋል። በሕይወት ያለ ሰርቨር አንብቦት ራሱን ያጠፋል። ስቶሬጁን ማየት ካቃተውም ዋችዶግ የሚባለው ሰዓት ቆጣሪ በግድ አጥፍቶ ያስነሳዋል። የተወሰነው ጊዜ ካለፈ መልስ ባይመጣም መጥፋቱ እርግጥ ነው። ለዚህ ግን ስቶሬጁ መብራት ሊያጣ አይገባም። እባካችሁ የሱ ዩፒኤስ ላይ ፕሪንተር አትሰኩ!

እስከዚያው ፋይሉ ቀጥ ካለ የበራውን ሰርቨር አታጥፉ፤ ደውሉልን። የጠፋውን ሰርቨር የመብራት ገመዶች፣ ሁለቱንም፣ ንቀሉና ንገሩን። መጥፋቱን ለክላስተሩ በእጅ የምናረጋግጠው ገመዱ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ያላችሁ እኛ እስክንደርስ መጠበቅ የለባችሁም፤ በስልክ እንጨርሰዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቴክኒክ ክፍል፣ ደብረ ማርቆስ