«ይሄ እኮ ግማሿ ነው»፦ ስለ አስናቀች ወርቁ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሕይወት ያሉ አንጋፋ የመድረክ ሴቶች ቃላቸው እንዲቀረጽ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

«ጉዳዩ» የምትለዋን መስመር ያስገባኋት መዝገብ ቤት እንዳይመልሰኝ ብዬ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ማመልከቻ አይመስልም። ወሬ ይበዛዋል። ታገሱኝ።

ነገሩ የመጣው ከአክስቴ ነው። አክስቴ በወጣትነቷ ደመወዝ ስትቀበል መጀመሪያ ዕቁቧን ትጥላለች፣ ቀጥላ የቴአትር ትኬት ትቆርጣለች። የቤት ኪራይ ሦስተኛ ነበር ይባላል። ባለፈው የፋሲካ በዓል ልጠይቃት ሄጄ በስልኬ የአስናቀች ወርቁን ትዝታ ከፈትኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ሲያልቅ «ይሄ እኮ ግማሿ ነው» አለችኝ።

«ግማሿ ስትይ?»

«ዓይኗስ? አረማመዷስ? ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስ ስታደርግ አዳራሹ ምን ይሆን እንደነበር ታውቃለህ?» አለችና ልታሳየኝ ከሶፋው ተነሣች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ጉልበቷ እምቢ አላት። ተመልሳ ተቀመጠች። «ላላየ ሰው ምን ይነገራል» ብላ ወደ ቡናዋ ዞረች።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የምጽፍላችሁ ስለዚያኛው ግማሽ ነው።

አስናቀችን የዛሬ ልጅ የሚያውቃት በክራሯ ነው። ያውም ካወቃት። ክራር ሲነሣ ሜሪ አርምዴና ካሳ ተሰማ በሚጠሩበት ቦታ እሷም ትጠራለች። እኔ እንደሚሰማኝ ከሁሉም የሚለያት ድምጿ ውስጥ ልመና አለመኖሩ ነው። ስለ ፍቅር ስታንጎራጉር እንኳ ሂሳብ እንደምታወራርድ ሴት ነች። ግጥሟ ሰም አለው፣ ወርቅ አለው፤ ወርቁ ደግሞ አንዳንዴ በጥፊ ይመታል። (ስለ አንጋፋ ሴት እያወራሁ «አንቱ» አለማለቴ ከድፍረት አይቆጠርብኝ። አስኒን «አንቱ» ብሎ የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። የሕዝብ ሰው «አንቺ» ነው የሚባለው።)

ነገር ግን አስናቀች ክራር የምትመታ ዘፋኝ ብቻ አልነበረችም። ተዋናይ ነበረች። በአገራችን ሴት ልጅ መድረክ ላይ ቆማ ሴት ሆና እንድትጫወት በር ከከፈቱት ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። «ከመጀመሪያዎቹ» አልኩ እንጂ ብዙ ሰው በቀጥታ «የመጀመሪያዋ» ነው የሚላት።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የኛ ቴአትር ሲወለድም ዕድለኛ አልነበረም። ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ» የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያ ጽፈው መኳንንቱ ፊት አሳዩ፤ ነገሩ የሹማምንቱን ገመና ነካ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። መንግሥትና ቴአትር የተዋወቁት በእገዳ ነው ማለት ይቻላል። (ይህን የምለው ለነገር አይደለም። እናንተም የዚህ ታሪክ ወራሽ ናችሁ ለማለት ያህል ነው።) ከዚያ በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊገባ ወራት ሲቀሩት፣ በመኮንን ሀብተወልድ አነሳሽነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ዓላማው ሕዝቡን ለአገሩ መቀስቀስ ነበር። ጠላት ከተባረረ በኋላ ማኅበሩ ቴአትር ቤት ሆነ።

ሀገር ፍቅር መድረክ ላይ ዘፈኑ፣ ጭፈራው፣ ፉከራው፣ ቀልዱና ድራማው አብረው ነበሩ። ዛሬ «ሙዚቃዊ ቴአትር» ስንል ከውጭ የመጣ ነገር ይመስለናል። የኛ ሰው ግን ከመጀመሪያውም ዘፈን የሌለበት ቴአትር ብዙ አያጓጓውም ነበር። ተቀጣሪውም «እኔ ተዋናይ ነኝ፣ እስክስታ አልወርድም» ብሎ ነገር የለም። ሁሉንም ይችላል፣ ወይም ይማራል።

ሴት ተዋናይ ግን አልነበረችም። የሴት ገጸ ባሕርይ ካለ ወንድ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ ይጫወታል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው ፊት የምትዘፍን ሴት «አዝማሪ» ናት፤ አዝማሪ ደግሞ ያኔ ሙያ ሳይሆን ስድብ ነበር። ለሠርግ ይጠሯታል፣ ልጃቸውን ግን አይድሩላትም። መድረክ ላይ የወጣች ሴት ዘመዶቿን ማሳፈሯን አውቃ ነው የምትወጣው። እዚህ ላይ ነው የአስናቀች ድፍረት። ክራሩ አንድ ስድብ፣ ትወናው ሌላ ስድብ። ሁለቱንም ደርባ ተሸከመችው፤ ያውም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አለባበሷ የከተማው መነጋገሪያ እስኪሆን አጊጣ።

ከዚያ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር። ጣሊያን ለሲኒማ ብሎ ጀምሮት የሄደው ሕንፃ ነው፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት የዘውድ በዓል ተጠናቆ ተመረቀ። አስናቀች ከዕድሜዋ ብዙውን የሰጠችው ለዚህ ቤት ነው። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ የቤቱም ስም ተቀየረ። እነ አክስቴም ትኬት እየቆረጡ ሲያዩዋት የኖሩት እዚያ ነው።

እሺ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን ምን ተረፈ?

ድምጿ ተርፏል። የተረፈበትን መንገድ ግን ልብ በሉልኝ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው 16ኛውን ሲዲ ለእሷ ሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ አሳተመው። ርዕሱም «ባለ ክራሯ እመቤት» እንደማለት ነው። ዛሬ እኔ በስልኬ የምከፍተው እሱን ነው። ሰውየው ይመስገን፣ ምንም ቅሬታ የለኝም። ግን የራሳችንን ሰው ሰው አገር ተሰናድታ ስትመጣ መስማት ትንሽ አያሳፍርም?

ምስሏም በመጠኑ ተርፏል። ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። ፊልሙ ለዕይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አስናቀች ግን ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት በገባ በቀናት ውስጥ ነው። ለራሷ ታሪክ ምረቃ አልደረሰችም። ይህም የአንዲት ሴት ትጋት እንጂ የመሥሪያ ቤት ሥራ አይደለም።

የቀረው፣ ማለትም ትወናው፣ አክስቴ ጉልበት ውስጥ ነው ያለው።

ተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ እዩልኝ። ተዋናዩን ወጋየሁ ንጋቱን የዛሬ የሃያ ዓመት ልጅ ያውቀዋል። እንዴት? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ስለተረከው። ያን ቀን አንድ ሰው ማሽኑን ከፍቶ ቴፑን ስላዞረ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ የተወለዱ ልጆች ሚኒባስ ውስጥ ድምፁን ሰምተው «ወጋየሁ ነው» ይላሉ። ልዩነቱ የችሎታ አይደለም። የቴፕ ነው።

ሕግ አለን እኮ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝን፣ ማለትም ተዋናዩንም ዘፋኙንም፣ በስም ያውቃል፤ ለሠራው ሥራ መብት ይሰጠዋል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ያልተቀረጸን ቴአትር ማንም ሕግ ከሞት አያስነሣውም። መጋረጃው ወረደ፣ አለቀ።

እኔ በበኩሌ አክስቴ ከነገረችኝ በኋላ ዝም አላልኩም። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ የድሮ የቴአትር ፕሮግራም ወረቀት ለማየት ጠየቅኩ። በመጀመሪያው ቀን «ከምትሠራበት ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። የግል ሰው ነኝ ብል ማመልከቻ ጻፍ አሉኝ። ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን ማመልከቻዬ አልተመራም። በሦስተኛው ተመርቷል፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ግን ፊልድ ወጥቷል። በአራተኛው ሰውየው ተገኘ፤ በጣም ትሁት ሰው ነው፤ ክፍሉን ከፍቶ አሳየኝ። ካርቶኖቹ መሬት ላይ ናቸው። ከላይ ያለውን ካርቶን የጣሪያ ውኃ አግኝቶታል። «ወንድሜ፣ ከዚህ ውስጥ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም» አለኝ። ሻይ ጋበዝኩትና ተለያየን።

ስለዚህ የምጠይቀው ምንድን ነው? ሐውልት አልጠይቅም። ሐውልት አይናገርም። በስሟ መንገድ ይሰየም ብዬም አልነዘንዛችሁም፤ ብታደርጉት ደስ ይለኛል፣ ግን ጥያቄዬ እሱ አይደለም።

የምጠይቀው ካሜራና ወንበር ነው። ዛሬ በ70ዎቹና በ80ዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ በሀገር ፍቅር፣ በብሔራዊ፣ በማዘጋጃ ቤት መድረክ የተጫወቱ ሴቶች በየሰፈሩ አሉ። አንዳንዶቹ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃውን መውረድ ትተዋል። ቤታቸው ይኬድ። አንድ ሰዓት ሳይሆን ሦስትና አራት ቀን ይቀመጡ፣ ይናገሩ፣ ከቻሉም ተነሥተው ያሳዩ። የበዓል ፕሮግራም ላይ እንደምናየው «ስለ ሙያው ምን ይሰማዎታል» ተብለው ሳይሆን ትክክለኛው ነገር ይጠየቁ። ከመጋረጃ ጀርባ ቃል የሚያቀብለው ማን ነበር? ቀሚሱን ማን ሰፋው፣ ከደመወዝ ይቆረጥ ነበር? ማታ ትርዒት ሲያልቅ ወደ ቤት የምትሄዱት በምንድን ነው? ሕፃን ልጅ ያላት መድረክ ላይ ስትወጣ ልጁን ማን ይይዛል? አባት ልጁ ተዋናይ መሆኗን ሲሰማ ምን አደረገ? የሐዘን ትዕይንት ሲሆን ዘፈኑ በትዝታ ነው በአምባሰል፣ ማን ይመርጠዋል? ይህን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ልብስ ሰፊውና መብራት ሠራተኛውም ቢጨመሩ አይከፋም፤ ከጎን ቆሞ የሚያይ ሰው ብዙ ነገር ያያል።

በጀት የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። ቢሆንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል አለ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ርዕስ ሲያጡ በየዓመቱ እናያለን። አንድ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ካሜራ ከጠፋ ስልካቸው ይበቃል። ብዙ የመድረክ ሰው ደግሞ አሜሪካ ነው ያለው። ዋሽንግተን አካባቢ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ያቋቋመችው የጣይቱ ማዕከል የስደቱን መድረክ ለዓመታት ይዞ ቆይቷል። እዚያ ያሉትን ለማግኘት ኤምባሲው አንድ ስልክ መደወል ነው።

የተቀረጸውም ካርቶን ውስጥ አይግባ። ማንም ልጅ ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ቁልፍ የሚያየው ቦታ ይቀመጥ።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ስጨርስ ለአክስቴ አነበብኩላት። ሰምታ ጎረቤቷን ጠራቻት። ጎረቤቷ በጊዜዋ መድረክ ላይ የዘፈነችና የተወነች ናት፤ እኔ እስከዚያ ቀን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ትመስለኝ ነበር። ስሟን እንዳልጽፍ አስጠነቀቀችኝ። መልእክቷን ግን አድርስልኝ ብላለች፦ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ናት። ከመጡ ቡና ታፈላለች። ከመምጣታቸው በፊት ግን ቢደውሉ ጥሩ ነው፤ ፀጉሯን ትሠራለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ስልክ ቁጥሯን ይዞ የሚጠብቅ አንድ የቴአትር ተመልካች