የፕሮግራሚንግ ክበብ፦ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ምን ስንሠራ ከረምን?

«እነዚህ ልጆች ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጠው ምን ይሠራሉ?» ዘንድሮ ይህን ያልጠየቀኝ የለም። ፕሮግራም ነው የሚሠሩት። ኮዱን በሲ ቋንቋ ይጽፋሉ፣ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ያ ጥቁር ስክሪን) ላይ ጂሲሲን፣ ማለትም ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይረውን ኮምፓይለር ይጠራሉ፣ የሚሠራ ፕሮግራም ይወጣል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ሁሉን የሚጨርስ ሶፍትዌር መጠቀምም ይቻል ነበር። ግን ያኔ መሀል ላይ የሚሆነውን ማን ያያል? ደግሞስ ጂሲሲ እ.ኤ.አ. በ1987 ከወጣ ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ነው። የኛን አሮጌ ኮምፒውተሮችም አይንቅም።

ዘወትር ዓርብ ተሰብስበናል፤ ዝርዝሩ ይቅር። የመጀመሪያው ሴሚስተር የተረሳ ሴሚኮለን (በሲ የትእዛዝ ማብቂያ ምልክት) ስንፈልግ አለቀ። አምስት ልጅ በአንድ ኮምፒውተር ስለሚሠራ ሌላም ጣጣ ነበር። ትእዛዙ ላይ «ሰረዝ ኦ» ብሎ ስም ላልሰጠ ሰው ጂሲሲ ፕሮግራሙን ሁሌ «ኤ ዶት አውት» ይለዋል። እናም አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ሲደመስስ ከረመ። ኮምፒውተር ቢኖር ይህ ጠብ ባልኖረ።

አንድ ቀን ግን አልረሳም። ስኩዌር ሩት የሚያሰላ ፕሮግራም እየሠራን ነው። ኮዱ ውስጥ 16 ብለን ስንጽፍ 4 አለ፤ ጭብጨባ! ቁጥሩን ከኪቦርድ እንዲቀበል ስናደርገው ኤረር። ሁሉም ኮዱን ያገላብጣል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ጭምር። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከኋላ ብቅ አለች።

«ቲቸር፣ ኮዱ እኮ ኮምፓይል ሆኗል። መጨረሻው መስመር ላይ ኤል ዲ ይላል። የሚጮኸው ሊንከሩ ነው።»

ልክ ነበረች። ኤል ዲ ሊንከሩ ነው፤ ኮምፓይል የሆነውን ኮድ ከላይብረሪ፣ ማለትም አስቀድሞ ከተዘጋጀ ኮድ ጋር የሚያያይዘው። የሒሳብ ላይብረሪው ስላልተያያዘ ሊንከሩ ስኩዌር ሩትን ከየት ያምጣው? ትእዛዙ መጨረሻ ላይ «ሰረዝ ኤል ኤም» ጨመረችና ሠራ። ታዲያ 16ቱ ያለ ላይብረሪው እንዴት ሠራ? ይህ የገባኝ ማታ ቤቴ ነው፤ ቁጥሩ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ኮምፓይለሩ ራሱ አስልቶ መልሱን አስቀምጦታል። በማግስቱ ስነግራት «ጠርጥሬ ነበር» አለችኝ።

ያቀድነው ጌም አላለቀም። ሁለት ኮምፒውተር መሀል መንገድ ላይ ሞተብን። «ይመጣሉ» የተባሉት ደግሞ ከተባሉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ወላጆች፣ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ካለ አትጣሉት። ዊንዶውስ አልከፍት ብሎ ያስመረራችሁም ይሁን። ኪቦርዱና ስክሪኑ ከሠራ፣ ሌላውን ለልጆቹ ተዉላቸው።