ደጁን ተሳልመን ብቻ አንለፍ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ፒያሳ ያደግሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ። አራዳ ጊዮርጊስን ውስጡን የሚጎበኘው በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው መሆኑ ያንገበግበኛል። ስምንት ማዕዘኑ ሕንፃ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት። የእኛ ሰው ግን ደጁን ተሳልሞ ያልፋል። መሳለሙስ ደግ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ጫማ አውልቆ ገብቶ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች ቀና ብሎ ማየትም ያስፈልጋል። የልጅ ልጄ ፊቷን ወደ ላይ እንዳቀናች አንገቷን እስኪያማት ቆማ፣ "አያቴ፣ ትንሽ እንቆይ" ብላኛለች።

ታዕካ ነገሥት በአታም ቅርብ ነው፤ ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ያረፉት እዚያ ምድር ቤት ነው። የመሀል ከተማ ርእሳነ መምህራን፣ እባካችሁ፣ ዘንድሮ ለደብሮቹ ደብዳቤ ጽፋችሁ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ጡረተኛው መምህር፣ ከፒያሳ