ጎርጎራ ደርሰን መጣን (የተፈጥሮና ቱሪዝም ክበብ የ2015 ዓ.ም. ዘገባ)

ያው የክበብ ዘገባ ሲባል ስንት አባል አለ፣ ስንት ስብሰባ ተደረገ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ ነው ሚጻፈው፣ እሱን ቶሎ ልበለውና ልለፍ። ዘንድሮ 43 አባላት ነበሩን፣ አብዛኞቹ የዘጠነኛና የአስራ አንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እንገናኝ ነበር፣ ክረምት ላይ የተተከሉትን ችግኞች በጋውን ሙሉ በተራ ውሃ ሲያጠጡ ከረሙ፣ ከግማሽ በላዩ ፀድቋል። ሰልፍ ላይም በየሁለት ሳምንቱ ጽሑፍ ያነቡ ነበር። ለኔ ግን የዘንድሮ ዓመት ማለት ጥር ውስጥ ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ የሄድንባት ያቺ ቅዳሜ ነች፣ ስለዚህ ስለሷ ነው በደንብ ምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው ህዳር ላይ ነው። ስለ ጣና እያወራን "ጣናን በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ" አልኩ፣ 11 እጅ ብቻ ወጣ። ከነሱም ብዙዎቹ ያዩት ባህር ዳር ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነው። ጎንደር ተወልደው ጎንደር ያደጉ ልጆች እኮ ናቸው! ጎርጎራ ከኛ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጣና 37 ደሴቶች እንዳሉት፣ አባይ ከሱ እንደሚወጣ፣ በ2007 ዩኔስኮ ባዮስፌር (የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ) ብሎ እንደመዘገበው አንድም ሳይቀር ሁሉም ያውቁታል፣ ለፈተና ሸምድደውታል፣ ግን ውሃውን አላዩትም። እኔን በጣም ነው የከነከነኝ፣ ማታ ቤት ገብቼም ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ብር ማሰባሰቡ፣ የወላጅ ፈቃድ ምናምን ሁለት ወር ፈጀ። መክፈል ላልቻሉት መምህራን አዋጡ፣ ስማችሁን እንዳልጠራ ስላላችሁኝ ነው እንጂ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ባለመኪና ሁለት ቀን ሲቀረው ሃሳቤን ቀይሬያለሁ አለ፣ የዛን ቀን ልጆቹ ያለቀሱት ለቅሶ! በመጨረሻ ሁለት ቅጥቅጥ አገኘንና 36 ልጆችና አራት መምህራን ሆነን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሳን፣ ጥምቀት ካለፈ ብዙም ስላልሆነው ከተማው ገና እንግዶቹን ሸኝቶ አልጨረሰም ነበር።

አዘዞ ላይ ትንሽ ቆም አልን። አፄ ሱስንዮስ የተቀበሩት እዛው ገነተ ኢየሱስ ነው፣ ጎርጎራ ላይ ደግሞ ከተማቸው ነበር፣ ስለዚህ ጉዟችን የሳቸውን ታሪክ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንደመሄድ ነው ብዬ ነገርኳቸው። የታሪክ መምህራችን ቀጠለበት፣ ንጉሡ ካቶሊክ ሆነው በ1614 በይፋ ማወጃቸውን፣ ከዛ በኋላ ስንት ሰው እንዳለቀ፣ በ1624 "ፋሲል ይንገሥ ሃይማኖት ይመለስ" ተብሎ ዙፋኑን ለልጃቸው መልቀቃቸውን ሲያወራላቸው ባሱ ውስጥ ክርክር ተነሳ፣ ክርክሩ ቆላድባ እስክንደርስ አላቆመም። አንዷ ልጅ "ቲቸር ራሳቸው ያመጡትን ራሳቸው መመለሳቸው ግን ትልቅነት አይደለም እንዴ" አለች፣ መልስ አልሰጠናትም፣ እኔ እስካሁን አስበዋለሁ።

ደምቢያ ሜዳው ላይ የሽምብራ እሸት በየመንገዱ ይሸጣል፣ ገዝተን እየፈለፈልን አቧራችንን እየጠጣን ሄድን። ከዛ ድንገት ዛፎቹ መሃል ውሃው ታየ። ባሱ ውስጥ ጫጫታው ቀጥ አለ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቀስ ብሎ "ማዶውስ?" አለኝ። ማዶው አይታይም፣ ሰማይና ውሃ ተጋጥሟል፣ የሀገሬው ሰው ሐይቅ ሳይሆን "ባህሩ" ነው ሚለው፣ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባን። በጣም የገረማቸው ደግሞ ይሄን ያህል ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ትልቁ ቦታ ላይ እንኳ 14 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ሰፊ ሳህን ነው ማለት ነው፣ የገባበት አፈር ሁሉ ይቆጠርበታል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ጎርጎራ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ወደብ፣ ጥቂት ቤቶች፣ ትላልቅ ዛፎች፣ ወፍ በወፍ። ከሩቅ የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ግንባታ ይታይ ነበር፣ ሆቴልና ቱሪዝም መማር ሚፈልጉት ልጆች ዓይናቸውን ከሱ አላነሱም። እኛ መጀመሪያ የሄድነው ደብረ ሲና ማርያም ነው። ሳር ክዳን ያላት ክብ ቤተክርስቲያን ናት፣ ያስጎበኙን አባት በአፄ አምደ ፅዮን ዘመን የተመሰረተች መሆኗን ነገሩን፣ የመቅደሷ ግድግዳ በሙሉ ስዕል ነው። የስዕል ዝንባሌ ያለው አንድ ልጅ አለን፣ ከሰው ተለይቶ አንድ ስዕል ስር ተቀምጦ ዓይን ብቻ ሲስል አገኘሁት፣ የቅዱሳኑን ዓይን። ደብተሩን ካስፈቀድነው በዚህ መጽሔት ላይ ብናወጣለት ደስ ይለኛል።

አሮጌው ጎርጎራ፣ ማርያም ግምብ ሚባለው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ፍርስራሽ ያለበት ቦታ፣ ሳንደርስ ቀረን። ከነሱ አንዱ፣ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1610 ግሽ አባይን አየሁ ብሎ የጻፈው፣ የሞተው እዛው ጎርጎራ ነው፣ የታሪክ ክፍሉ በጣም ጓጉቶ ነበር። ግን በጀልባ መሄድ የነበረብን ጠዋት ነበር፣ ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ማዕበል አለው፣ ልጅ ይዤ አልገባም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቤተክርስቲያኑ ላይ ብዙ ቆየን።

ከምሳ በፊት (ምሳ ሙሉ የዓሣ ጥብስ በአዋዜ ነበር፣ ቀረሶ፣ ስለሱ ሌላ ገጽ ይበቃው ነበር) ወደቡ ጋ ታንኳ ሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ታንኳዋ ደንገል ናት፣ እሳቸው ሲያስሩ ልጆቹ ከበቧቸው። ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፣ በየጊዜው አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት አለ፣ ቢሆንም ወራት ቆይታ ሌላ መስራት ነው አሉን። በዚህ መሃል አንዷ ተማሪ ዳር ላይ ማዕበል ያወጣውን አንድ ተክል አንስታ መጣች፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለው፣ በጣም ያምራል፣ ቤት ወስጄ ውሃ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ አለች። ሽማግሌው እጃቸውን ከስራው ላይ አነሱና "ልጄ እሱን አትውሰጂ፣ ጠላታችን ነው" አሏት።

እምቦጭ ነበር። ልጅቷ ደነገጠች፣ እኔም አላስተዋልኩም፣ ይቅርታ ልጠይቃት ይገባኛል። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፣ አስቀምጠው አስተማሩን። ወደቡ ላይ ብዙም እንደሌለ፣ ወደ መገጭ ወንዝ አፍ ሲኬድ ግን ሜዳ መስሎ ታንኳ እንደማያሳልፍ፣ መረብ ይዞ እንደሚሄድ፣ አርሶ አደሩ አንገቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ እየነቀለ እንደከረመ፣ ነቅለው ዞር ሲሉ መልሶ እንደሚበቅል። እኔ የማውቀውን ጨመርኩበት፣ መጀመሪያ የታየው በ2004 ነው፣ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይጠብቃል፣ በብዙ አገር የተስፋፋውም ልክ እንደኛዋ ልጅ አበባው አምሮት ቤቱ በወሰደው ሰው ነው።

ከዛ ሽማግሌው "ከየት ናችሁ?" አሉ። ከጎንደር አልን። "እንግዲያ መገጭ የናንተ ነው፣ ክረምት ሲሞላ አፈሩም ፌስታሉም ከላይ ነው ሚመጣው፣ ይሄ አረም እሱን እየበላ ነው ሚወፍረው" አሉ። ክስ አልነበረም አነጋገራቸው፣ ዝም ብሎ ለጎረቤት እንደሚነገር ነገር ነው። ልጆቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። የከተማችን ወንዝ ቀሃ መገጭ ይገባል፣ መገጭ ጣና ይገባል። ጥምቀት ላይ የፋሲል መዋኛን የሚሞላው ቀሃ እኮ ነው! ከሳምንት በፊት ልጆቹ የተረጩት ውሃ ወንዝ ጎርጎራ አካባቢ ነው መጨረሻው። የባዮሎጂ መምህሯ ደግሞ ባርበስ ሚባሉት የጣና ዓሦች፣ ብዙዎቹ ዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ፣ ክረምት ክረምት ለመራባት እነ መገጭን ይዘው ወደ ላይ እንደሚወጡ ነገረቻቸው። ዓሣው ወደኛ ይወጣል፣ ቆሻሻችን ወደሱ ይወርዳል። ስንመለስ ባሱ ውስጥ ዘፈን አልነበረም ብል ውሸት ነው፣ ነበር፣ ግን ኋላ ወንበር ላይ አምስት ስድስት ልጆች ቀሃን ማጽዳት ከየት እንደምንጀምር ወረቀት ላይ ሲስሉ ነበር።

ከዛ በኋላ ያለው የክበባችን ስራ በሙሉ ከዛች ጥያቄ የመጣ ነው። ፖስተር መለጠፍ አቆምን። መጋቢት ላይና ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ የቀሃን ዳር አጸዳን፣ በመጀመሪያው 14 ማዳበሪያ ፌስታልና ፕላስቲክ አወጣን፣ በሁለተኛው 23። ሁለተኛው የበለጠው ቆሻሻው ጨምሮ ሳይሆን የሰፈሩ እናቶች አብረውን ስለገቡ ነው፣ ቡናም አፍልተውልናል። ያቺ አበባ ያነሳችው ልጅ ደግሞ በራሷ ተነሳሽነት አበባ የሚሸጡ ሰዎች ጋ እየዞረች ፎቶ ታሳያለች፣ እስካሁን አንድም ቦታ አላገኘችም፣ ግን ትዞራለች።

ለሚቀጥለው ዓመት ጎርጎራ በታህሳስ፣ አዳር ይሁን ብለን ለትምህርት ቤቱ ጽፈናል፣ ጠዋት በጀልባ ማርያም ግምብ፣ ከዛ መገጭ አፍ። ለሽማግሌው ከታንኳቸው ጋር የተነሳነውን ፎቶ አሳጥበን አስቀምጠናል፣ ሰው በላክን ቁጥር "ራሳችን ነን ምንሰጣቸው" እያሉ ልጆቹ አልሰጥም ብለዋል።