ላንቺ ካልሆነ ለማን እነግረዋለሁ

እህትዓለም፣

ይህን ያህል ጠፍቼ ሲቸግረኝ መምጣቴ ያሳፍራል። ይቅር በዪኝ። ስንገናኝ እንደ ልማድሽ ትቆጪኛለሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው። አዎ፣ ያቺ ሻንጣሽ ውስጥ ገብታ «አብሬሽ ካልሄድኩ» ያለችው! ልጁ የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ የተረጋጋ፣ ሰው አክባሪ። ሁሉም ወደውት ነበር። ከዚያ አጎታችን «ዘሩ ይጠና» አሉ። ተጠና። አያቱ ቀጥቃጭ ነበሩ። በቃ፣ ቤቱ ታመሰ። «አጥንቱ አልጠራም» ተባለ። አክስቴማ ያንን ቃል አወጡት። የቱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ አልጽፈውም።

እንቅልፍ አጣሁ። ልጁ መዶሻ ጨብጦ አያውቅም። አባቱም መምህር ናቸው። ሥራው ቀረ፣ ስሙ ግን በደም ይወረሳል ተብሎ ተጣብቆ ቀረ። ድህነት ቢሆን ሠርተው ይወጡታል። ይሄ ግን ሳትወለጂ ተወስኖ ይጠብቅሻል፤ ብትማሪም፣ ብትከብሪም አይለቅሽም። ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን። ልጅ መስጠት ላይ ሲደርስ በሩ ይዘጋል።

ማረሻውም፣ ምጣዱም፣ ሸማውም የወጣው ከነዚሁ በሥራቸው ከሚናቁ ሰዎች እጅ ነው። አፄ ምኒልክ እኮ ገና በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እኔን ሰደበ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በትውልድ ሰውን መለየት ይከለክላል። ሕንድም በ1950 እ.ኤ.አ. ሰውን በትውልዱ «አይነኬ» ብሎ ማግለልን በሕገ መንግሥቷ ከልክላለች፤ ጋብቻ ላይ ግን እዚያም ዘር ይጠየቃል። ሕግ ሳሎን ድረስ አይገባም መሰለኝ። ይሄ ያናድደኛል፣ በጣም።

እንዴት ብዬ ልበልሽ... ይህን ላንቺ መጻፍ ይከብዳል። እናትሽ የሠሩልን ጀበና ዛሬም ቤታችን አለ። ሲያወድሱት የሚውሉት እኚሁ አጎቴ ናቸው። ያኔ አንቺን የመለሱበትን ቃልም አልረሳሁትም።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ። ልጁ ምንም አልሰማም። እህቴ «አትንገሪው፣ ይጎዳል» ትላለች። እኔ ደግሞ ሳያውቅ የላካቸው ሽማግሌዎች እቤታችን እንዲዋረዱ አልፈልግም። አንቺ ብትሆኚ ቀድሞ ቢነገርሽ ትመርጪ ነበር? መመለስ ከከበደሽ ጥያቄውን ተይው። ብቻ ደውዪልኝ፣ ቁጥሬ ያው ነው።