ልጄ፣ ኪንግስተንን ሳናይ አንመለስም

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽልኝን የሆቴል ሊንክ አየሁት። የፈረንጆቹን ገና ጃማይካ እናሳልፍ ስትዪኝ አንቺ ወደ ሥራ እየገባሽ ስለነበር በስልክ ብዙ አላወራንም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። እሺ ብያለሁ፣ እንሄዳለን። በጣም ደስ ብሎኛል። በሆቴሉ ግን አልስማማም።

ሆቴሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ምግቡም፣ መጠጡም፣ ዋናውም በአንድ ክፍያ ነው። አንቺም ዓመቱን ሙሉ ስትለፊ ከርመሻል፣ እረፍት ይገባሻል። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ የፕላስቲክ አምባር አስረን፣ ከግቢው ሳንወጣ ከተመለስን ምኑን ጃማይካ ሄድነው? አሸዋና ባሕር ከሆነ ፍሎሪዳም አለልሽ። እኛ ኢትዮጵያውያን እዚያ አገር የምናየው ሌላ ነገር አለን።

ይህን የምልሽ ሻሸመኔ ስላደግኩ ነው። ጃማይካ ሰፈር ሲባል ሰምተሻል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በአሜሪካና በካሪቢያን የሚኖሩ ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ገንዘብ አዋጥተዋል፣ ሰልፍ ወጥተዋል። ጃንሆይ ለዚያ ውለታ ሻሸመኔ ላይ 200 ሄክታር ገደማ መሬት ሰጧቸው። ራስ ተፈሪያኖቹ በብዛት መምጣት የጀመሩት ግን ንጉሡ ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ነው። መልካ ኦዳ በኩል ቤት ሠሩ፣ አረሱ፣ ልጆች ወለዱ። ደርግ መሬት ሲወርስ የእነሱም ተወረሰ። ከፊሎቹ ሄዱ፣ ከፊሎቹ ቀሩ።

ከቀሩት አንዷ የእኛ ጎረቤት ነበሩ። የኪንግስተን ሰው ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛ ቀላቅለው ነበር የሚያወሩት። እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር ዳቦና ጠላ ትልክላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ በፈረንጆቹ ገና ጥቁር ኬክ ጋግረው ለሰፈሩ ልጆች ያከፋፍላሉ። ስለ አገራቸው ገና ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራ ነበር። ዋዜማውን ልጆች ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ላይ እንደሚጫወቱ፣ ገበያው እስኪነጋ እንደማይዘጋ ያጫውቱናል። ባሕር ሲናፍቃቸው አዋሳ ወርደው ሐይቁ ዳር ውለው ይመለሱ ነበር። አገራቸውን ተመልሰው ሳያዩ እዚያው ሻሸመኔ ተቀበሩ። እሳቸው ኢትዮጵያን ብለው ኪንግስተንን ትተው መጡ። እኔ ደግሞ ኢትዮጵያን ትቼ አሜሪካ መጣሁ። የመጡበትን ከተማ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ፤ ካንቺ ጋር ከሆነ ደግሞ እጥፍ ደስታ ነው።

እንግዲህ ያሰብኩትን ልንገርሽ። ቅዳሜ ዲሴምበር 19 ኪንግስተን እንገባለን። እስከ 24 ጠዋት እዚያ እንቆያለን። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦቾ ሪዮስ ወጥተን እሁድ 27 ከሞንቴጎ ቤይ እንበራለን። ስለዚህ ትኬቱ በኪንግስተን አስገብቶ በሞንቴጎ ቤይ የሚያስወጣ መሆን አለበት። ባሕርሽን አልነፈግኩሽም፣ ሁለት ሙሉ ቀን አለሽ። 28 ላይ መቆየት አልችልም። ታኅሣሥ 19 ነው፣ ገብርኤል። ቤተ ክርስቲያኔ መገኘት አለብኝ።

በገባን ማግስት እሁድ ጠዋት ቅዳሴ የምንሄደው ኪንግስተን ማክስፊልድ ጎዳና ያለው ቅድስት ሥላሴ ነው። የእኛው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በፈረንጆቹ ከ1970 ጀምሮ እዚያ ያስተማሩት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ ናቸው፤ ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት። ብዙ ራስ ተፈሪያኖች በእሳቸው እጅ ተጠምቀዋል። ቦብ ማርሊም ከመሞቱ በፊት በ1980 ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል። በ1981 ሲሞትም የቀብር ጸሎቱ የተደረገው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። አንቺ እዚህ ስትመጪ ቅዳሴው አይገባኝም ትያለሽ። እዚያ በእንግሊዝኛም ስለሚቀደስ ይገባሻል። ዜማው ግን የምታውቂው ነው። ነጠላሽን እንዳትረሺ። እኔ እጣንና ጧፍ እይዛለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንነጋገር። ኢትዮጵያዊት መሆንሽን ሲያውቁ ሰዎች ያቅፉሻል፣ ስለ ጃንሆይም ያወሩሻል። ኤፕሪል 21 ቀን 1966፣ በእኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958፣ ንጉሡ ኪንግስተን ሲገቡ አይሮፕላን ጣቢያውን ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ ሞልቶት ነበር። ሕዝቡ አጥሩን አልፎ አይሮፕላኑን ከበበው። ጃንሆይ መውረድ አቅቷቸው ቆዩ። በመጨረሻ ሞርቲሞ ፕላኖ የሚባል የራስ ተፈሪያን ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን ካረጋጋ በኋላ ነው የወረዱት። ያ ቀን እስከ ዛሬ ለራስ ተፈሪያን በዓል ነው። ድሃ ተብለው፣ ተንቀው፣ ፖሊስ ሲያሳድዳቸው ለኖሩ ሰዎች የጥቁር ንጉሥ ከነክብሩ እደጃቸው መምጣቱ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

በሌላ በኩል አያትሽ ጭሰኛ ነበሩ። ካመረቱት ላይ ለባለመሬት ሲሰፍሩ ነው የኖሩት። እሳቸው ፊት ጃንሆይን ማወደስ አይቻልም ነበር። የወሎን ረሃብም ታውቂያለሽ። ሻሸመኔ ላይ የተሰጠውን መሬትም ቢሆን የአካባቢው ገበሬ የሚያየው በሌላ ዓይን ነበር። እኔ በሁለቱ መካከል ነው ያደግኩት። የጎረቤታችንንም እምነት፣ የአባቴንም ምሬት እኩል አከብራለሁ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ስለ ንጉሡ ሲያወሩሽ ቁጭ ብለሽ ስሚ። በክርክር ልትረቺያቸው አትሞክሪ። ደስ ለማሰኘት ብለሽም የማታምኚውን አትበዪ። የአያትሽን ታሪክ ከጠየቁሽ በትሕትና ንገሪያቸው። እነሱም አገራችንን በእውነት ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ሰው ለሚወደው ነገር እውነቱ ይገባዋል።

ስለ ጾሙ አትጨነቂ። ጾመ ነቢያት ኖቬምበር 24 ይገባል፣ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ነው። ስለዚህ ጉዟችን ሙሉ በሙሉ ጾም ላይ ይወድቃል። አንቺ እንደፈለግሽ፣ አልጫንሽም። ለእኔ ግን ከጃማይካ የተሻለ የጾም አገር ማግኘት ያስቸግራል። ራስ ተፈሪያኖች አይታል የሚሉት ምግብ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የለበትም። ብዙዎቹ ጨውም አይጨምሩበትም። በኮኮናት ወተት የተሠራ የምስርና የአትክልት ወጥ፣ ካላሉ የሚባል ጎመን የመሰለ ቅጠል፣ ፕላንቴን፣ ከካሳቫ የሚጋገር ባሚ የሚባል ቂጣ አለ። ሩዝና ባቄላውም በኮኮናት ወተት ነው የሚበስለው፤ ለገና ደግሞ በባቄላው ፈንታ ጋንጎ የሚሉትን አተር ይጨምሩበታል። አኪ የሚባለውን ፍሬ ከጨው ዓሣ ጋር ነው የሚሠሩት፤ እኔ ያለ ዓሣ እንዲሠሩልኝ እጠይቃለሁ። አኪ በዛፉ ላይ በራሱ እስኪከፈት ካልበሰለ መርዝ ነውና ምግብ ቤት ካልሆነ በስተቀር አትንኪው። የገና መጠጣቸው ሶረል የእኛ ከርከዴ ነው፤ በዝንጅብል ያፈሉታል። ረም የሚጨምሩበት ስላሉ አስቀድመሽ ጠይቂ። ጥቁር ኬኩን ግን እዚያ አልበላም። ቅቤና እንቁላል አለው። አንድ ገዝተን እናመጣና ጃኑዋሪ 7 ቤቴ መጥተሽ አብረን እንቆርሰዋለን።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሆፕ ሮድ ያለውን የቦብ ማርሊን ቤት እናያለን። ትሬንችታውንም እንሄዳለን፤ እዚያ በራሳችን አንዞርም፣ የሰፈሩን አስጎብኚ ይዘን ነው። የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርከስ ጋርቬይ የተቀበረበትን የብሔራዊ ጀግኖች ፓርክም እንይ። አንዱን ቀን ብሉ ማውንቴን እንውጣ። ጫፉ 2,256 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ያህል ከፍታ ማለት ነው። እኛ ጫፉ ድረስ አንወጣም፣ ጉልበቴም አይችልም። ቡና የሚያመርቱ ገበሬዎች ጋ ደርሰን፣ ጠጥተን እንመለሳለን። ዋጋው ውድ ስለሆነ ከከተማ ሱቅ ይልቅ ከገበሬው መግዛት ይሻላል።

24 ቀን በአዲሱ የክፍያ መንገድ ኦቾ ሪዮስ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያን ቀን ማታ ነው ግራንድ ማርኬት የሚሉት። ጎረቤታችን የሚያወሩልን ይህንኑ ነበር። በየከተማው መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ሌሊቱን ገበያ ይሆናል፤ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ፣ ሙዚቃው አይቆምም። በማግስቱ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፣ 26ም የሕዝብ በዓል ነው። ለባሕር የሚመቹትም እነዚያ ቀናት ናቸው። ቦብ ማርሊ የተወለደበትና የተቀበረበት ናይን ማይል እዚያው ሴንት አን አውራጃ ተራራው ላይ ነው። ከደከመን እንተወዋለን።

ስለ አውሎ ነፋሱ ጠይቀሽኝ ነበር። ወቅቱ ከጁን እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ ስለዚህ እኛ ስንሄድ ያልፋል። ነገር ግን ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የምዕራቡን ክፍል እንዴት እንዳደረገችው አይተሻል። በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ነፋስ ነው የገባችው። ብላክ ሪቨር የሚባለው ከተማ ፈርሷል ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ጉዳት በአንድ ዓመት አይጠገንም። ትልቁን ሆቴል ትተን የሰው ቤት በመሰለ እንግዳ ማረፊያ እንደር፣ ከመንገድ ሻጭ እንግዛ የምልሽ ለዚህም ነው። ገንዘባችን እዚያው ሰዎቹ እጅ ይቅር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላም ለተጎዱት ምን እንደሚያስፈልግ ካህናቱን እጠይቃለሁ።

ስለ ጥንቃቄም ልንገርሽ፣ እናት ነኝና። ታክሲ ቀይ ሰሌዳ ያለው ብቻ፣ እሱም ማረፊያችን የጠራልን ከሆነ ይሻላል። መኪና በግራ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ አንከራይም፤ መንገድ ስትሻገሪም በቀኝሽ እዪ። ጋንጃ ከ2015 ወዲህ እስከ ሁለት አውንስ ድረስ የወንጀል መዝገብ አያስከፍትም። ይህ ግን የእኛ ጉዳይ አይደለም። አይሮፕላን ጣቢያ ይዞ የተገኘ ሰው ይታሰራል። ሰው አደራ ብሎ የሚሰጥሽን ዕቃም አትቀበዪ። አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 160 የጃማይካ ዶላር ስለሚመነዘር ዋጋ ሲነገርሽ የየትኛው አገር ዶላር እንደሆነ ጠይቂ። የደም ግፊት መድኃኒቴን በእጅ ቦርሳ እይዛለሁ፤ አንቺ የትንኝ መከላከያ ግዢ።

ከዲሴምበር 15 በኋላ የሁሉም ነገር ዋጋ ይጨምራል፣ ቦታም ይሞላል። ስለዚህ ጊዜ አናጥፋ። አለቃሽን አነጋግረሽ ከ19 እስከ 27 ፈቃድ ማግኘትሽን እስከ እሁድ አሳውቂኝ። ፓስፖርትሽ የሚያበቃበትን ቀን እዪና ፎቶውን ላኪልኝ። አንቺ ከአትላንታ፣ እኔ ከዋሽንግተን ነን፤ ኪንግስተን የምንደርስበት ሰዓት እንዲቀራረብ አድርጌ የሁለታችንንም ትኬት እኔ እቆርጣለሁ። ማረፊያውን አንቺ ፈልጊ፣ በዚህ ጎበዝ ነሽ።

የምትወድሽ እናትሽ