ለምረቃ መድረክ የሚጋበዝ ሰው በምን ይመረጥ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

የዩኒቨርሲቲዎች የምረቃ ወቅት ገና ወራት ይቀሩታል። ይህን ደብዳቤ አሁን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው፤ ሐምሌ ገብቶ፣ በደሴና በኮምቦልቻ የሆቴል አልጋ ጠፍቶ፣ የተመራቂ ቤተሰብ ከየአቅጣጫው መንገድ ከጀመረ በኋላ የሚነሣ ሐሳብ ለዓመቱ አይደርስም። ላነሣው የምፈልገው ጉዳይ በምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ የክብር እንግዳ ሆኖ ንግግር የሚያደርገው ሰው አመራረጥ ነው። በእኔ እምነት ይህ እንግዳ መመረጥ ያለበት በያዘው ወንበር ሳይሆን በዚያ ቀን ለተመራቂዎቹ በሚነግራቸው ቁም ነገር ነው።

አብዛኛውን ዕድሜዬን በደሴ ትምህርት ቤቶች በማስተማር ስላሳለፍኩ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም ሆኑ የጎረቤቶቼ ልጆች ሲመረቁ ይጠሩኛል። ሥርዓቱ በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ነው። የሴኔት አባላትና መምህራን ጋዎን ለብሰው በሰልፍ ሲገቡ ታዳሚው ከመቀመጫው ይነሣል፤ ብሔራዊ መዝሙር ይዘመራል፤ ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት፣ የቦርዱ ሰብሳቢና የዕለቱ የክብር እንግዳ በተራ ይናገራሉ፤ ዲኖች ተመራቂዎቻቸውን ያቀርባሉ፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ሜዳሊያና ዋንጫ ይቀበላሉ። የሥርዓቱን ክብር የሚነካ ሐሳብ የለኝም። እንዲያውም አምስት ዓመት ሙሉ ወጪ ሲችል የኖረ ወላጅ ይህን ክብር በዓይኑ ማየት ይገባዋል። ቅር የሚያሰኘኝ ከዚህ ሁሉ ሥርዓት መካከል ለተመራቂው ተብሎ የተመደበው ንግግር፣ ብዙ ጊዜ ስለ ተመራቂው አንድም ነገር ሳይናገር ማለፉ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው አንድ ዩኒቨርሲቲ የወንድሜ ልጅ ስትመረቅ ተገኝቼ ነበር። የክብር እንግዳው ከሌላ ስብሰባ ዘግይተው ደረሱ፤ ከቦርሳቸው ያወጡትን ጽሑፍ ቀና ሳይሉ አነበቡ። የተነበበው የሚመሩት መሥሪያ ቤት የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ነበር፤ የተሠራው መንገድ በኪሎ ሜትር፣ የተሰራጨው ማዳበሪያ በኩንታል ተዘረዘረ። ድንኳኑን ዝናብ ይደበድበው ስለነበር ከኋላ ለተቀመጥነው ግማሹ ቃል አልተሰማም። አጠገቤ የነበሩ፣ ከወረኢሉ በኩል የመጡ እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ «ጋሼ፣ ስለ ልጆቹ የሚናገሩት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልስላቸው አልነበረኝም። እንግዳው ንግግራቸውን እንደጨረሱ፣ ዋንጫና ሜዳሊያው ገና ሳይሰጥ፣ ለሌላ ሥራ ተነሥተው ሄዱ።

ይህን ያነሣሁት አንድን ሰው ለመውቀስ አይደለም። እኚያ ባለሥልጣን የመጡት ስለተጠሩ ነው፤ የተጠሩት ደግሞ በሹመታቸው ነው፤ በሹመቱ የተጠራ ሰው የሹመቱን ሪፖርት ይዞ ቢመጣ የሚያስገርም ነገር የለውም። ልማዱም የቆየ ነው። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ቻንስለሩ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ፤ ዲግሪውንም ለተመራቂዎች በእጃቸው ይሰጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል፤ በምረቃ መድረክ ላይ ትልቁ ወንበር ለትልቁ ባለሥልጣን ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ግን ብዙም አልተነካም። በዚያው በንጉሡ ዘመን በኮሌጅ ቀን በዓል ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆመው ግጥም ያነቡ እንደነበር፣ አንዳንዱም ግጥም የድሃውን ኑሮ የሚያሳይና ሹማምንቱን የማያስደስት እንደነበር ግን ማስታወስ ይገባል። ተማሪው በትልልቆች ፊት የሚናገርበት ቦታ በአገራችን ከነጭራሹ ያልነበረ ነገር አይደለም።

ባለሥልጣን ከናካቴው አይጋበዝ ማለቴም አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1947 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ማርሻል የክብር ዲግሪ ለመቀበል ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተገኝተው ነበር። የተናገሩት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በዚያች አጭር ጊዜ ግን ጦርነት ያደቀቃትን አውሮፓን መልሶ የማቋቋሙን ሐሳብ አቀረቡ፤ ሐሳቡም በዓመቱ ሕግ ሆኖ ወደ 13 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ እርዳታ ለአውሮፓ አገሮች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1963 ደግሞ ፕሬዝዳንት ጆን ኬኔዲ በዋሽንግተን በሚገኘው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ላይ ስለ ሰላም ተናገሩ፤ የኑክሌር ሙከራን ለመግታት በሞስኮ ድርድር እንደሚጀመርም እዚያው መድረክ ላይ አስታወቁ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 5 ቀን፣ ስምምነቱ ተፈረመ። ሁለቱም ከባድ ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ወደ ምረቃው ሲመጡ ለዚያ ቀንና ለዚያ ታዳሚ የተሰናዳ፣ ወጣቶቹ የሚወርሱትን ዓለም የሚመለከት ጉዳይ ይዘው መጥተዋል። ከእኛ ሚኒስትር ወይም የቢሮ ኃላፊ የምንጠብቀው የዓለምን ታሪክ የሚለውጥ አዋጅ አይደለም። ተመራቂውን ፊት ለፊት እያየ፣ ሥራ የሚያገኝበትን መንገድ፣ መሥሪያ ቤቱ ለአዲስ ገቢ ምን እንዳሰበ፣ ያልተቃናውንም ጭምር በግልጽ ቢነግረው በቂ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ ለሚመረቁ ወጣቶች ማን ይናገር ቢባል፣ መልሱ ያሳለፉትን ከማየት ይጀምራል። ከቅርብ ዓመታት ተመራቂዎች ብዙዎቹ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተዘግቶባቸዋል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፤ የላብራቶሪ ዕቃና ኮምፒውተር ሄዷል፤ የደሴ ሆስፒታልም ከዘረፋው አልዳነም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሌሎች ብዙዎች በማካካሻ ትምህርት አልፈው ነው ዩኒቨርሲቲ የገቡት። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መሰጠት ሲጀምር ያለፉት ከመቶ 40 ያህሉ ናቸው። ይህን ሁሉ አልፎ ጋዎን ለለበሰ ልጅ «የነገ አገር ተረካቢዎች» ብቻ ብሎ መቀመጥ የደከመበትን ማሳነስ ይመስለኛል።

እንግዲህ በእነዚያ የጦርነት ወራት ሕመምተኞቿን ትታ ያልሄደች ነርስ ካለች፣ ለጤና ሳይንስ ተመራቂዎች ከእሷ የተሻለ ተናጋሪ ከየት ይመጣል? ለግብርና ተመራቂዎች ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አንድ ተመራማሪ ቢጠራ፣ ዝናብ በሚያጥረው ቆላ የሚዘራ የማሽላ ዝርያ ለማውጣት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ስንቱ ሙከራ ከንቱ እንደሚቀር ቢነግራቸው፣ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ከብዙ ምክር የበለጠ ይገባቸዋል። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሚገኝበት ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ደረቅ ወደቡ አለ። በእነዚህ ቦታዎች በማሽን መካከል ያደጉ፣ ከታች ጀምረው የፈረቃ ኃላፊ የሆኑ፣ ፓርኩ በጦርነቱ ከተጎዳ በኋላ መስመሩን መልሰው ያስነሡ ሰዎች አሉ። ከአምባሰል ወይም ከመቅደላ ገጠር ትምህርት ቤት መጥታ፣ ዲግሪዋን ይዛ ወደዚያው ተመልሳ የምታስተምር የቀድሞ ተመራቂም ብትጋበዝ፣ ልጆቹ ከአሥር ዓመት በኋላ ራሳቸውን በእሷ ውስጥ ያያሉ። እነዚህ ሰዎች ለንግግር አይከፈላቸው ይሆናል፤ አጀብም የላቸውም፤ ንግግራቸው ግን ከኑሮ የወጣ ነው።

የክብር ዶክትሬት አሰጣጥን ከዚህ ጉዳይ ጋር ማደባለቅ አያስፈልግም። እሱ የሴኔት ውሳኔ የሚጠይቅ፣ የአንድን ሰው የሕይወት ዘመን ሥራ የሚመዝን ሌላ ጉዳይ ነው። በምረቃ ላይ ለመናገር ማዕረግ አያስፈልግም፤ ማዕረግ የተሰጠውም ሁሉ ጥሩ ተናጋሪ ነው ማለት አይደለም።

አመራረጡን በተመለከተ፣ ከመምህራን፣ ከአስተዳደርና ከመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የተውጣጣ አነስተኛ ኮሚቴ ስሞችን ለሴኔቱ ቢያቀርብ ሥራው ቀላል ይሆናል። ተማሪዎቹ መኖራቸው የግድ ነው። በየዓመቱ በሚያሳትሙት የምረቃ መጽሔት ከፎቷቸው ሥር እያንዳንዳቸው የሚጽፏቸውን ሁለት ሦስት መስመሮች ያነበበ ሰው፣ እናታቸውን ለማመስገን፣ በመካከል ያረፈ ጓደኛቸውን ለማስታወስ፣ የሚፈሩትንም ለመናገር ቃል እንደማያጥራቸው ያውቃል። ከእነሱ አንዱ ወይም አንዷ የጓደኞቻቸው ተወካይ ሆነው መድረክ ላይ አምስት ደቂቃ ቢናገሩ፣ ምናልባት ከዕለቱ ንግግሮች ሁሉ በትኩረት የሚደመጠው ያ ይሆናል።

ወላጅም እንዲሁ። ወሎ ውስጥ ሠርግም ሆነ እርቅ ያለ ሽማግሌ ምርቃትና ያለ ዱአ አይፈጸምም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል «አሜን» የሚልበት አገር ነው። ልጆቹን ያሳደገ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት፣ የማንንም ሃይማኖት ሳይነኩ፣ በወላጆች ስም ሁሉንም ተመራቂ ቆመው ቢመርቁ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የቋንቋውም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ተማሪ ከመላው አገር ስለሚመደብ ታዳሚው ከከሚሴም፣ ከወላይታም፣ ከጅማም ይመጣል፤ ዲግሪው የሚሰጥበት ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚነበበው። ልጁ መቼ እንደተመረቀ ሳይገባው ሰው ሲያጨበጭብ አይቶ ያጨበጨበ አባት አይቻለሁ። የእንግዳው ንግግር ፍሬ ሐሳብ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ቢታተም፣ ዋናው ቃልም ወዲያው ቢተረጎም፣ ወጪው ከአዳራሹ አበባ አይበልጥም።

እንግዳው ከምረቃው ዋዜማ ቢደርስም መልካም ነው። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ በሐረጎ ሽቅብ ደሴ ለመግባት ሰዓታት አይፈጅም። ከሰዓት በኋላውን ከተመራቂዎቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ ጥያቄያቸውን ቢሰማ፣ በማግስቱ የሚናገረው ለማን እንደሆነ ያውቃል። በመድረክም ላይ ከ15 ደቂቃ ባይበልጥ፣ የመጨረሻው ተመራቂ ስሙ ተጠርቶ እስኪወርድም ከመቀመጫው ባይነሣ፣ ይህ በጥሪው ደብዳቤ ላይ በትሕትና ተጽፎ ሊላክለት የሚችል ነገር ነው።

የጥሪው ደብዳቤ ምረቃው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚላክ ከሆነ፣ የሚገኘው እንግዳ በዚያ ሳምንት ሌላ ስብሰባ የሌለበት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች ያሉ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ኃላፊዎች፣ ኮሚቴውን እስከ መጋቢት መጨረሻ አቋቁመው፣ ስሙን በሚያዝያ ወስነው፣ ለተጋባዡ ቢያንስ የሁለት ወር ጊዜ እንዲሰጡት በአክብሮት እጠይቃለሁ። አዘጋጆቹም ዓምዳችሁን ለዚህ ከፍታችሁ፣ ተመራቂዎች ራሳቸው ማንን መስማት እንደሚፈልጉ እንዲጽፉላችሁ ብትጋብዙ ኮሚቴዎቹ የሚጀምሩበት የስም ዝርዝር ያገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጡ መምህር
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ